የጠመኔው ምልክት

«ሳያይ ሸፈነዋ! ሌላ ምን ይባላል?» አሉ ጡረተኛው ፎርማን፣ ትኩሱን የሻይ ብርጭቆ በጣታቸው ጫፍ ይዘው። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸዋል። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ግን የሳቸው ሹክሹክታ ለጎረቤትም ይተርፋል።

አጠገባቸው የተቀመጠው የሟች ታናሽ ወንድም አንገቱን ደፋ። ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እሱ ግን እስካሁን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣውም።

«መቼም ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ቀጠሉ ፎርማኑ፣ መውቀሳቸውን ሳያቆሙ። «እንደሱ ያለ ባለሙያ አላየሁም። ግን አንዴ ተሳሳተ፣ የሆስፒታሉ ኮርኒስ ተደረመሰ፣ በቃ።»

የሟች ልጅ የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከአባቷ ጋር ብቻዋን የኖረች ልጅ ናት። አጎቷን አየችው። እሱ ምንጣፉን አየ።

ወንድማማቾቹ ሥራቸው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ሙቀቱን እንዳያባክን መሸፈን ነበር። ታላቁ ሙቀት የሚያግደውን የመስታወት ጥጥ በቧንቧው ልክ ቆርጦ ጠቅልሎ፣ በሽቦ አስሮ፣ ከላይ ስስ ቆርቆሮ ሲያለብሰው ላየው ለሙሽራ ኮት የሚለካ ይመስል ነበርና «ልብስ ሰፊው» ይሉት ነበር። ሲጨርስ መዳፉን ቆርቆሮው ላይ ያሳርፋል። ውስጡ የፈላ ውሃ እየሄደ እጁን ካላቃጠለው «አሁን ለበሰ» ይላል። አመሉ ቤቱም ተከትሎት ገባ፤ ለልጁ ሻይ ሲሰጣት እንኳ ብርጭቆውን በመሐረብ ጠቅልሎ ነበር።

የሥራው ሕግ አንድ ነው። መገጣጠሚያ በውሃ ግፊት ሳይፈተሽ አይሸፈንም። ፈታሹ አይቶ ያለፈው ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ ጠመኔ የሌለው ይቆያል።

አንድ ዓርብ ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ መገጣጠሚያ ሳይፈተሽ ቀረ። ፈታሹ ሄዷል። ታናሽየው ካገባ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ልቡ ቤቱ ነው፤ ለአንድ መገጣጠሚያ ብሎ ሰኞ እንደገና መሰላል መውጣት ታከተው። ከኪሱ ጠመኔ አወጣና ራሱ አሰመረበት።

«ምልክት አለው?» አለ ታላቁ ከታች።

«አለው፣ ጋሼ።»

እውነቱን ነው፣ ነበረው። ሸፈነውም።

ውሃው ወራት ሙሉ ጥጡ ውስጥ ሲጠራቀም ቆይቶ ኮርኒሱን ይዞ ባዶ አልጋ ላይ ወረደ። ፈታሹ «ይሄን እኔ አልፈተሽኩም» ብሎ ደብተሩን ዘረጋ። «ማነው የሸፈነው?» ተባለ። ታላቁ ወንድሙን አየው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ነኝ» አለ ታላቁ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ታናሽየው «ጋሼ፣ እኔ እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ሚስትህ ልትወልድ ደርሳለች። ዝም በል።»

ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ልብስ ሰፊው ከሥራ ተባረረ። የሚቀጥረው ጠፍቶ አሥራ አንድ ዓመት የመጋዘን በር ጠበቀ። ታናሽየው ኋላ ፎርማን ሆነ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ሲል ወንድሙ ቀደመው። አሁን ይቅርታውን ለማን ይወስደዋል?

ከለቀስተኛው መሐል ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ። ልጅቷ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«አጎቴ፣ አባዬ እውነት ሳያይ ነው የሸፈነው?» አለች ሳትዞር። «አንተ አብረኸው ነበርክ።»

ከወንድሙ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ከተናገረ እሷንም ሊያጣት ነው። «አይደለም» አለ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ጠመኔውንም ያሰመርኩት እኔው ነኝ።»

ውሃውን ዘጋች። «አባዬ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«በር ላይ ቆሞ... አንተ በመኪና ታልፍ አልነበር?»

«አልፍ ነበር። ክላክስ አደርግለት ነበር።»

ልጅቷ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ሂድና ለፎርማኑ ንገራቸው» አለች። «ጮክ ብለህ። ጆሯቸው አይሰማም።»

ሄደ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«እህ?» አሉ ፎርማኑ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው።

«የሆስፒታሉን ቧንቧ! እኔ ነኝ! ወንድሜ የለበትም!»

ፎርማኑ ብርጭቋቸውን መሬት አስቀመጡ። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ታናሽየው የሚቀመጥበት ቦታ የጠፋው ይመስል ቆሞ ቀረ፤ ኋላ እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ልጅቷ ትሪውን ይዛ ወጣች። ከዳር ጀምራ ለሁሉም አደለች። እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊቱን አላየችውም። ከኪሷ የአባቷን መሐረብ አውጥታ በብርጭቆው ልክ አጠፈችው፣ ዙሪያውን ጠቀለለችና እጁ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።

ሻዩ ትኩስ ነበር። እጁን ግን አላቃጠለውም። ሦስት ቀን እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣ።