የአምደወርቁ ሱቅ

«ቁጭ በይ እንጂ የሻሽ» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ካሤ የነጠላዋን ጫፍ ይዘው እየጎተቱ። «ሐዘንተኛ እኮ ነሽ። ለቅሶ ደራሽ ገብቶ ቆመሽ ቢያገኝሽ ምን ይላል?»

የሻሽወርቅ ተመልሳ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ምንዋጋው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የ1996 ዓ.ም. የጳጉሜ ዝናብ ድንኳኑን ይደበድበዋል። ከሰቆጣ ዙሪያ የመጡ ገበሬዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው ይገባሉ፤ በኽምጣኛ ጥቂት አልቅሰው አግዳሚው ላይ ይደረደራሉ። እሷ ግን ልቧ ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። አምደወርቅ ከተማ ካለው ሱቃቸው ደርሶ ይመለሳል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የደሃና ወረዳ ልጆች ዩኒፎርም ገና አልተሰፋም።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ወንድሙ ሱቆቹን ሊያከራያቸው ነው አሉ።»

«ታዲያ እሷ ምን ታደርግባቸዋለች? የሱቁ ነፍስ እሱ ነበር።»

የሻሽወርቅ ሳይታወቃት የነጠላዋን ቋጭ ትፈታ ጀመር።

ምንዋጋው በልብስ ሰፊነት ጀምሮ በሰቆጣ፣ በአምደወርቅና በጽጽቃ ሦስት የልብስ ሱቆች የከፈተ ሰው ነው። ገበያው ሲደራለት የስፌት መኪናውን ጓዳ አስገብቶ ጨርቅ አለበሰው። ነጋዴ ተባለ። ኋላ ልባሽ ጨርቅ በየገበያው መሬት ላይ ሲዘረገፍ ግን ገዢው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ምንዋጋው ተጨነቀ። አዲስ አበባ እየተመላለሰ ኮትና ክራቫት አመጣ፤ የሚገዛው ጠፍቶ አቧራ ጠጣ። የጽጽቃውን ሱቅ ሊዘጋ በተነሣበት ማለዳ የሻሽወርቅ በሩ ላይ ቆመችበት።

«እዚህ አገር ክራቫት የሚያስር ማነው?»

«ታዲያ ምን ልሽጥ?»

«ዩኒፎርም። ልባሽ ጨርቅ ውስጥ ዩኒፎርም አይገኝም። በየቀበሌው ትምህርት ቤት እየተሠራ ነው። የስፌት መኪናህን አውጣ።»

«ነጋዴ ከተባልኩ በኋላ ተመልሼ በረንዳ ላይ ልቀመጥ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰፊ ነዋ የሚልህ። አልነበርክም?»

አኩርፏት ሰነበተ። በአንድ የገበያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግን በሰቆጣው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ አገኘችው። አላፊ አግዳሚው ይሳሳቃል፤ እሱ ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን ይረግጣል። ያልተሸጡትን ኮቶች እየፈታ የልጅ ጃኬት አደረጋቸው። ከዚያ የትምህርት ቤቶቹ ሥራ መጣ። የጽጽቃው ሱቅ ሳይዘጋ ቀረ፤ የአምደወርቁም ሰፊ ቀጠረ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ምንዋጋው ከአምደወርቅ ወደ ጽጽቃ ቆላ ልጆች ሊለካ ወረደ። በወባ ተይዞ ተመለሰ፤ ከዚያ አልተነሣም።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም አቶ ፋንታሁን አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«የሻሽ፣ የአምደወርቁንና የጽጽቃውን ሱቅ ላከራያቸው። አንቺ የሰቆጣውን ይዘሽ ዕረፊ። ለአንቺው አስቤ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። እኔ ግን ነገ አምደወርቅ እሄዳለሁ።»

«የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይላል?»

«እሱም እንዲሁ ነበር ያለኝ» አለች የሻሽወርቅ። «በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሲሳቅበት አይተውታል አይደል?»

«አይቻለሁ።»

«ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ጋሼ። አሁን ሱቁ ከተዘጋ በከንቱ ተሳቀበት ማለት ነው።»

አቶ ፋንታሁን የድንኳኑን ካስማ የሚነቅሉትን ጎረምሶች አየት አደረጉና ወደ እሷ ዞሩ።

«መንገዱ ጭቃ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ብቻሽን አትሄጂም። እኔም እመጣለሁ።»

አምደወርቅ ሲደርሱ ሰፊው መንግሥቴ ሱቁን ከፈተላቸውና እጅ ነሥቶ ወደ ጥግ ሸሸ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ካኪ ጨርቅ ተዘርግቷል። ጨርቁ ላይ በነጭ ጠመኔ የሱሪ ቅድ ተሰምሮበታል።

«እሳቸው ናቸው ያሰመሩት» አለ መንግሥቴ። «ወደ ቆላ ሊወርዱ ሲሉ። መቀስ ላሳርፍበት እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

የሻሽወርቅ ጎንበስ ብላ አየችው። መስመሩ ቀጭን ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ምንዋጋው መዳፉን አሳርፎበት ጠመኔው ተሻሽቶ ነጣ ብሏል። ልትዳስሰው እጇን ሰደደች፤ እንዳይለቅ ፈርታ መለሰችው። መቀሱን አነሣች። ከዚያ ከመስመሩ አንድ ጣት ያህል ወጣ ብላ መቁረጥ ጀመረች።

«እትዬ፣ ከመስመሩ ወጡ እኮ» አለ መንግሥቴ። «ሱሪው ይሰፋባቸዋል።»

«ልጆች ናቸው፤ ያድጋሉ» አለች መቀሱን ሳታቆም።

በቀስታ፣ ጠመኔውን ሳትነካ፣ ዙሪያውን ሄደችበት።