ቀድሞ የወረደው ቤት

ትርፌ ስትወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት አራቱም ቤት ያውቅ ነበር። ከድንጋይና ከእሳት ማራቅ፣ በጎኗ ማስተኛት፣ አረፋውን በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ እስክትነቃ ድረስ አጠገቧ መቀመጥ። ክብሪት አያጨሱባትም፤ የተጨበጠ እጇንም በግድ አይፈለቅቁም። በጎን ማስተኛቱን ለእናቷ ለእታገኘሁ አሰላ ሐኪም ቤት ነግረዋታል። የቀረውን ግን ልጅቷ በየደጃቸው ስትወድቅና ስትነሣ ዓመት ከዓመት እያዩ ለመዱት።

ቤቶቹ ከሳጉሬ በላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ አንዲት ምንጭ ከብበው የተሠሩ ነበሩ። አንደኛው የእታገኘሁ ነው፤ ባሏ ሞቶባት ከትርፌ ጋር ብቻዋን ትኖራለች። ከጓሮዋ የዙቤዳና የባሏ የከዲሮ ቤት አለ። ከምንጩ ማዶ ደግሞ ሽማግሌው ጋሽ ወልደ ሚካኤልና ያገባው ልጃቸው ሀብተ ማርያም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ትርፌ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አፏን ግን አልፈታችም። ጠዋት እናቷ ወደ እርሻ ስትወጣ በአጥሩ ሽንቁር ሾልካ ዙቤዳ ዘንድ ትሄዳለች። ዙቤዳም «ኮቱ፣ ኮቱ ኢንታላ ኮ፣ ነይ የኔ ልጅ» እያለች ተቀብላ የገብስ ገንፎ በወተት ታጎርሳታለች። ሥጋ ብቻ አታቀምሳትም፤ የእናቷን ሃይማኖት ታከብራለች። ፀሐይ ሲበረታ ልጅቷ ተነሥታ ወደ ጋሽ ወልደ ሚካኤል ደጅ ትሻገራለች። ማንም መርቶ አያደርሳትም፤ መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። ከዘገየችም ከአንዱ ቤት «ትርፌ ዛሬ ምነው ቀረች?» ብሎ የሚወጣ ሰው አይጠፋም።

በ1978 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አስናቀ ሕዝቡን ሰብስቦ የመንደር ምሥረታውን ትእዛዝ አሰማ። ተበታትኖ መኖር ቀርቷል። ሰው ሁሉ ቤቱን እያፈረሰ ታች ሜዳው ላይ፣ ገመድ ተዘርግቶ ችካል በተተከለበት ቦታ፣ በረድፍ መልሶ ይሠራል። ውኃ ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ መዋእለ ሕፃናት ይመጣል።

«ቦታ መምረጥ የለም» አለ አስናቀ። «ቀድሞ የወረደ ቀድሞ ይሰፍራል። ረድፉ በአመጣጣችሁ ይሞላል። ኋላ የኔ ዘመድ፣ የኔ ጎረቤት የሚል ጭቅጭቅ አልፈልግም!»

አራቱ ቤት ከስብሰባው ሲመለሱ ምንጩ ዳር ቆሙ። ሥራውን በደቦ፣ ተጋግዘው ሊሠሩት ተስማሙ።

«የማን ቤት ይቅደም?» አለ ከዲሮ።

«ይኼም ይጠየቃል?» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል። «በደቦ ባል የሌላት ናት የምትቀድም። አባቶቻችን የሠሩት እንዲህ ነው።»

«እኔስ ባል አለኝ ብለው ነው?» አለች ዙቤዳ። «ይኼ እኮ በሬ ነው።»

«በሬ ብሆን ያኔ ግብር ሲመጣ ሸጠሽኝ ነበር» አለ ከዲሮ። ሁሉም ሳቁ።

እታገኘሁ ግን አልሳቀችም። «የኔ ይቆይ ጋሼ» አለች። «ከሁላችሁም ጋር እወርዳለሁ።»

«ዝም በይ ልጄ! ይቺን ልጅ ይዘሽ በፈረሰ ሰፈር መሐል ልትቀሪ? ምሰሶ ሲነቀል፣ ጣራ ሲወርድ እግር ሥር ብትገባስ? አንቺን መጀመሪያ አስገብተን እንረፍ።»

እውነት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው ሰው አልነበረም። እታገኘሁም የቀረበላትን ደግነት ገፍቶ መጣል አሳፈራት።

ቤቷ በሁለት ቀን ወረደ። ወንዶቹ ጣራውን እንዳለ ተሸክመው በዘፈን ቁልቁል አወረዱት። ሴቶቹ ጭቃ ረግጠው ግድግዳውን መረጉ። ቦታው በመጀመሪያው ረድፍ፣ ውኃው ይመጣበታል ከተባለው ቦታ አጠገብ ሆነ። ዙቤዳ ከጎኑ ያለው ባዶ ቦታ ላይ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተከለችና ለሚጠብቀው አብዮት ጠባቂ ጮኸችበት።

«ይኼ የኔ ነው! ሰው ሲነካው ባይ ጠመንጃህን ነው የምቀማህ!»

«እሺ እናቴ» አለ እየሳቀ።

ሰኞ የዙቤዳን ቤት ሊያወርዱ ተቀጣጠሩ። እሑድ ግን ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ። የከዲሮ ስንዴ ታጭዶ መሬት ላይ ነበር፤ ቢዘገዩ ይበቅላል። የጋሽ ወልደ ሚካኤልም እንዲሁ። ደቦው ወደ እህሉ ዞረ፤ እታገኘሁም ከሜዳው እየወጣች አብራቸው ከመረች። «ቤት የትም አይሄድ፤ እህል ግን ያልፋል» አሉ።

እነሱ እህሉን ሲያነሡ አብዮት ጠባቂዎቹ የወንዝ ማዶን ሰው በሙሉ አወረዱት። ምሰሶና ሣር የተሸከመ ሕዝብ ሜዳውን ሞላው። የዙቤዳ ቅርንጫፍ የተተከለበት ቦታ ላይ ተናኘወርቅ የምትባል የብዙ ልጆች እናት ሰፈረች። ቅርንጫፉንም ነቅላ አነደደችው፤ ምልክት መሆኑን ማን ነግሯት? ሦስቱ ቤት እህላቸውን አስገብተው ሲወርዱ የደረሳቸው የመጨረሻው ረድፍ ነበር፤ ውኃ ከቦረቦረው ጉድባ ማዶ፣ ከሜዳው ጫፍ። ከዚያ ሆኖ የእታገኘሁ ጣራ አይታይም።

እታገኘሁ ነጠላዋን አደግድጋ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጅ ቆመች። ጋሽ ወልደ ሚካኤልም በምርኩዛቸው ተከትለዋት መጡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቤቴን ላፍርሰውና ከጉድባው ማዶ ልሂድ» አለች። «ከዙቤዳ ጎን።»

«ቤት እንደ ድንኳን ይነቀላል?» አለ አስናቀ።

«እኔው አፈርሰዋለሁ። ማንንም አላስቸግርም።»

«ለምን? ያለሽው መጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። ውኃው ደጅሽ ነው። ሰው ሁሉ የሚመኘው ቦታ እኮ ነው!»

«ልጄን የሚያውቋት እዚያ ናቸው።»

«እዚህ ያሉትስ? ሰው አይደሉም?»

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ አስናቀ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። አዝነንላት አስቀደምናት። ብናዘገያት ኖሮ ከመሐላችን ትሆን ነበር።»

«አባባ፣ የሚጠይቁኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ዛሬ ለሷ ብፈቅድ ነገ ወንድም ከወንድሙ፣ እስላሙ ከእስላሙ፣ ክርስቲያኑ ከክርስቲያኑ ጋር ካልሰፈርኩ ይለኛል። ፕላኑም አሰላ ሄዷል። መዋእለ ሕፃናቱ ሲከፈት ልጅቷን ታስገባታለች።»

«መቼ ይከፈታል?» አለች እታገኘሁ።

«በዕቅድ ተይዟል።»

መሳለቁ አልነበረም፤ እሱም ያመነበት ይመስል ነበር።

በአዲሱ መንደር ቤቶቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ነው። አጥር ገና የለም፤ ዛፍ የለም። ትርፌ ጠዋት ትነሣና ዙቤዳን ፍለጋ ትወጣለች። ያገኘችው ደጅ ውስጥ ገብታ ምድጃው አጠገብ ትቀመጥና አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። አንዳንዱ ቤት ጉርሻ ሰጥቶ ያስወጣታል። አንዳንዱ ጨንገር ያነሣል። እሷም ወጥታ ቀጥሎ ያለው ቤት ትገባለች፤ እዚያም ዙቤዳ የለችም።

አንድ ቀን እታገኘሁ የማኅበሩን ስንዴ ስታጭድ ተጠራች። እየሮጠች ስትደርስ ትርፌን ተናኘወርቅ ደጃፍ ላይ በግንባሯ ተደፍታ አገኘቻት። ቅንድቧ ተሰንጥቆ ደሙ ከአፈር ጋር ደርቋል። ሰዎች ራቅ ብለው ቆመዋል፤ የተጫረ የክብሪት እንጨት አጠገቧ ወድቋል። የተናኘወርቅ በር ተዘግቷል።

እታገኘሁ ልጇን በጎኗ አስተኝታ ጮኸች። «ተናኘወርቅ! ደጅሽ ላይ ወድቃ ዝም ትያለሽ?»

በሩ በትንሹ ተከፈተ። «ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ እኮ! አረፋዋ ቢነካቸውስ? እንደሷ ቢሆኑብኝስ?»

«አይተላለፍም! ይኸው በአራት ቤት ስታድግ ማን ላይ ተላለፈ?»

«እናንተ ለምዳችኋታል» አለች ተናኘወርቅ። «እኔ ገና ትናንት መምጣቴ ነው።»

እታገኘሁ የልጇን ደም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ለእነዙቤዳም ቢሆን መልመድ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

በማግስቱ ዙቤዳ ጉድባውን ተሻግራ መጣችና ተናኘወርቅን በእጇ ስባ ትርፌ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ራሷን ያዢ። አይዞሽ፣ አትነክስሽም። ከዲሮ ነክሶኝ ያውቃል እንጂ እሷስ ነክሳኝ አታውቅ።»

ተናኘወርቅ ሳታስበው ሳቀች። እጇን ቀስ ብላ የልጅቷ ፀጉር ላይ አኖረች። ትርፌም ወደ እሷ ተደገፈችና ቀሚሷን ጨበጠች። ያን ጊዜ የልጅቷ ለሃጭ በተናኘወርቅ የእጅ አንጓ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ተስፈንጥራ ተነሣች፤ ሮጣ እጇን በአመድ ፈትጋ ታጠበች። ተመልሳ ስትመጣ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ጊዜ ስጡኝ» አለች።

«ምን ያህል?» አለች ዙቤዳ።

«እኔ እንጃ።»

ጊዜ ግን አልነበረም። የማኅበሩ ሥራ በቡድን ተደለደለ፤ ቡድኑም በረድፍ ነው። የእታገኘሁ ረድፍ ወደ አጨዳ ሲወጣ የዙቤዳ ረድፍ እርከን ሊሠራ ወደ ተራራው ይወጣል። ዙቤዳ መጀመሪያ በየቀኑ ትመጣ ነበር፤ ከዚያ አለፍ አለፍ እያለች፤ ከዚያ በሰንበት ብቻ። ስትመጣም ደክሟት ገንፎውን እያጎረሰች ታንቀላፋለች። ሀብተ ማርያም ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ፤ ሚስቱም ወደ ወላጆቿ ገባች። ጋሽ ወልደ ሚካኤል አንድ ጊዜ ጉድባውን ሊሻገሩ ሞክረው ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ከደጃቸው አልራቁም። ስለ ትርፌ ሲጠይቁ ዕንባ ስለሚቀድማቸው ሰው ወሬውን ይደብቃቸው ጀመር።

ጥር ላይ ትርፌ የማታውቀው ቤት ገብታ ስትወድቅ እጇ ፍም ውስጥ ገባ። የቤቱ ባለቤቶች ጎትተው አውጥተዋት እናቷንም ከሰሷት። አስናቀ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እታገኘሁ ዞረ።

«ልጅሽን ያዢ። ሰው ቤት ሞታ ብትገኝ ማን ሊጠየቅ ነው?»

«ቤት ልዋልና ልያዛት?»

«ከሥራ መቅረት አይቻልም። ላንቺ ብቻ ሕግ አላወጣም።»

በማግስቱ ጠዋት እታገኘሁ መቀነቷን ፈታች። አንዱን ጫፍ ከምሰሶው፣ ሌላውን ከትርፌ ቁርጭምጭሚት ጋር አሰረችው። በሩን ዘጋችና ወደ ኋላዋ ሳታይ ሄደች።

ለምሳ ስትመለስ ዙቤዳን ቤቷ ውስጥ አገኘቻት። የትርፌን እጅ መቃጠል ሰምታ ከእርከኑ ሥራ ሹልክ ብላ መጥታለች። መቀነቱን ፈትታ የልጅቷን እግር ታሻለች። ቁርጭምጭሚቱ ተልጧል።

«እንደ ጥጃ!» አለች። «ልጅቷን እንደ ጥጃ አሰርሻት?»

«አዎ።»

«አላህን አትፈሪም?»

«እፈራለሁ። እሳቱን ደግሞ እፈራለሁ።»

«ከምታስሪያት ለምን እኔን...» ዙቤዳ ጀምራ አቋረጠች።

«ጨርሺው» አለች እታገኘሁ። «ለምን አንቺን ምን? እንግዲያው ውሰጃት። አንቺ ዘንድ ትዋል፣ አንቺ ዘንድ ትደር። ልጄን ወሰደችብኝ አልልም። ይኸው፣ አሁኑኑ ይዘሻት ሂጂ!»

ዙቤዳ ትርፌን አቀፈቻት። ልጅቷ አንገቷ ሥር ገብታ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ዙቤዳ በቅል ያመጣችውን ገንፎ በጣቷ እየቆረሰች አጎረሰቻት።

«ቤቴ ቀኑን ሙሉ ባዶ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከዲሮም እኔም ተራራው ላይ ነን። ብወስዳት እኔም አስሬያት ነው የምወጣው።»

ሁለቱም አለቀሱ። እንደ ደወል የተሰቀለው የማኅበሩ የመኪና ቸርኬ ሲደወል ግን ተነሡ። እታገኘሁ መቀነቱን ከመሬት አንሥታ ወደ ልጇ እግር ጎንበስ አለች።

«በእግሯ አይሆንም» አለች ዙቤዳ። «ስትወድቅ ይሰብራታል። አምጪው።»

መቀነቱን ተቀብላ በልጅቷ ቀሚስ ላይ ወገቧን አዞረችው። ትርፌን በጎኗ አስተኝታ ራሷ ከምሰሶው መራቁን፣ እጇ ምድጃው ጋ አለመድረሱን አየች። ፍሙ ላይ ውኃ አፈሰሰች፤ ጉልቻዎቹን ወደ ግድግዳው ገፋች፤ ሥሯ ጭድ ጎዘጎዘች።

«ወደ አንገቷ እንዳይወጣ እዚህ ጋ ቋጥሪው። እስቲ አንቺ እሰሪው፣ ልይሽ።»

እታገኘሁ ፈትታ አሰረችው። «እንዲህ?»

«ትንሽ ላላ አድርጊው። እንደገና።»

እንደገና አሰረችው። ዙቤዳ ጣቷን በመቀነቱና በልጅቷ ሆድ መካከል አስገብታ ሞከረችና ራሷን ነቀነቀች። ተያይዘው ወጡ፤ በሩን ዘጉ።

ተናኘወርቅ ማጭዷን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ቡድኑን ተከትላ ልትሄድ ስትል ወደ እታገኘሁ ዞረች።

«እኔ ዛሬ ቀድሜ ነው የምመለስ» አለች። «ስትወድቅ ድምፅዋን ከሰማሁ ሮጬ እጠራሻለሁ።»

ሁለቱ ሴቶች ወደየቡድናቸው ሄዱ። ትርፌ ስትወድቅ ድምፅ አታሰማም።