ቀጭኑ ፒን

ኒልሴያ ዛንኬቲ ካሺያስ ከተማ ውስጥ ክሬን የሚሠራ ፋብሪካ መሐንዲስ ናት። በየሰው ኮምፒውተር ተበታትኖ የኖረውን ንድፍ ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰበስበውን አዲስ ሶፍትዌር እንድታስገባ የታዘዘችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ከሶፍትዌሩ ባልወጣ ንድፍ ብረት እንዳይቆርጥ ተከለከለ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ማቴ ሻይዋን እየመጠጠች የአዲሱን ክሬን ንድፎች ስታይ፣ መንጠቆውን የሚይዘው ፒን የሚሉት አጭር የብረት ዘንግ ላይ ዓይኗ ቀረ። ቀጭን ነበር። ቀጭኑ ፒን ድሮ በሙከራ ተሰብሮ፣ በወፍራም ተተክቷል። ሁለቱ ንድፎች ግን ስማቸው አንድ ነው፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ "የጸደቀ" ተብሎ የገባው ያ የተጣለው ነው። ያጸደቀችው ደግሞ ራሷ ናት።

ከታች፣ ከመገጣጠሚያው አዳራሽ የክሬኑ ሞተር ያጓራል። የመጀመሪያው ሙከራ ዛሬ ነው!

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ከባድ የብረት ክምር አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ሁለት ሠራተኞች አጎንብሰው ይለካሉ። የአዳራሹ አለቃ አዲልሰን መቆጣጠሪያውን ይዞ ቆሟል።

"ውጡ! ከሥሩ ውጡ!"

ጩኸቷን ሞተሩ ዋጠው። ሮጣ የአዲልሰንን ክንድ ጨመደደችው።

"ምነው ዶና ኒልሴያ፣ ያ ኮምፒውተርዎ ነከሰዎት እንዴ?" አላት እየሳቀ።

"ፒኑ ቀጭኑ ነው! የተጣለው!"

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሞተሩን አጠፋው። ጸጥ ሲል፣ ከላይ ብረት ሲያቃስት ሁሉም ሰሙ።

"ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ምንም እንዳትነኩ" አላቸው። ሰዎቹ እየዳኹ ወጡ።

ጭንቁ ማውረዱ ላይ ነበር። የመቆጣጠሪያው ገመድ አጭር ስለሆነ የሚያወርደው ሰው ከክሬኑ መራቅ አይችልም።

"እርስዎ ይሂዱ" አላት አዲልሰን።

"አልሄድም። ጣጣውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

"ቆመው ምን ሊፈይዱልኝ ነው? ከሁለት ሬሳ አንድ ይሻላል፣ ይሂዱ!" ብሎ ጮኸባት።

አልተነቃነቀችም። እምቢ ያላት እግሯ ይሁን ልቧ፣ እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ክምሩ ትንሽ ወረደ፤ ቆመ። ደግሞ ትንሽ። መሬት ሊነካ ሲል ከላይ አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ ብረቱ ተዘርግፎ ወለሉን ሰነጠቀው። አቧራው ሲገለጥ አዲልሰን መቆጣጠሪያውን እንደጨበጠ መሬት ላይ ተቀምጧል። አልተጎዳም፤ ጣቶቹ ግን አልላቀቅ አሉት። እሷ አንድ በአንድ አላቀቀችለት።

የፋብሪካው ባለቤት እየሮጠ መጣ። "ያን የሰይጣን ዕቃ አጥፉልኝ! ወደ ድሮው አሠራራችን እንመለስ!"

"ድሮም ሁለቱ ንድፎች ስማቸው አንድ ነበር፣ ጌታዬ" አለች ኒልሴያ። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላጣራ አጸደቅሁ። ግን በድሮው አሠራርም እስካሁን ያተረፈን ዕድላችን ነው።"

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ የተሰነጠቀውን ወለል በእጁ ዳሰሰ። ሶፍትዌሩ አልጠፋም፤ ማንም ሰው ብቻውን እንዳያጸድቅ ግን ታዘዘ።

በማግስቱ የማጽደቂያውን ቁልፍ ልትጫን ስትል እጇ አልታዘዝ አላት። አዲልሰን ቅባት የጠገበ ቱታውን እንደለበሰ መጥቶ ወንበር ሳበ።

"ይክፈቱት፣ አብረን እንየው" አለ። "እኔም እኮ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።"