ዝገቱ የያዛቸው እንግዶች

በቀይ ጭንጫ መንደር የውሃ ታንከር ውስጥ የሚኖረው ዝገት፣ ዩራኒየሞችን እጃቸውን ይዞ ያስቀምጥ ነበር። ዩራኒየሞቹ ከተራራው ሥር ከምንጩ ጋር የሚመጡ፣ ግራጫ የለበሱ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ዝምተኛ ሽማግሌዎች ናቸው። ክፉዎች አይደሉም። የሚፈልጉት መቀመጫ ብቻ ነው፤ ከመቀመጫ ሁሉ ግን የሰው አጥንት ይወዳሉ። ዝገቱ ይህን ስለሚያውቅ ገና ከመግባታቸው "ኑ፣ እዚህ አረፍ በሉ" ብሎ ከግድግዳው ላይ ያስቀምጣቸዋል።

የታንከሩ ጠባቂ ወይዘሮ ይመናሹ ነበሩ። ታንከሩን ትልቅ ነው ማለት መስደብ ነው፤ በመስከረም የወደቀበት ዲያቆን በኅዳር ሲወጣ ዋና ተምሮ፣ ጢም አብቅሎ ነበር። ውሸት ከሆነ ምላሴ ይዛግ።

አንድ ልጃቸው ስንዱ ልትዳር ነው። የሙሽራው እናት ወይዘሮ ጠጅቱ ከላይ አምባ ወርደው፣ ለሰርጉ ጠላ የሚሆነውን ውሃ በጣሳ ቀድተው አዩት።

"እሜቴ፣ ይሄ ውሃ ነው ወይስ የበግ ደም?"

"ዝገት ነው፤ አይጎዳም።"

"ጋን በግራዋ አይታሽም እንዴ? ታንከር ከጋን በምን ይበልጣል?"

"ዝገቱ የያዛቸው እንግዶችስ?"

"እኛ በየዓመቱ በግራዋ እናሸዋለን። የኛዎቹ ጭራሽ ተጣብቀው ቀሩ።"

ወይዘሮ ይመናሹ ግራዋ ቆርጠው ታንከሩ ውስጥ ገቡ። ዝገቱ ቅጠሉን አየ።

"ተይ፣ ልጄ" አላቸው።

"ላይ አምባዎች ምን ሆኑ?"

"የነሱ ውሃ ኮምጣጣ ነው። እዚያ ቅጠሉ ከዝገት ጋር ይወዳጃል፤ አብረው ይይዟቸዋል። ያንቺ ውሃ አይኮመጥጥም። እዚህ ቅጠሉ መቀመጫዬን ይቀማኛል፣ እነሱንም ክንዳቸውን ይዞ ያወጣቸዋል።"

"ታዲያ ልጄ በቀይ ጠላ ትሰደብ?"

"የልጅሽ አጥንት አይበልጥም?"

ወይዘሮ ይመናሹ አሰቡ። ነገሩ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ግን ዝገት ሰርግ አይጠራም፤ የአማት ምላስ አያውቅም። ታንከሩን አሹት።

የግራዋው አረፋ ከዝገቱ ላይ ወንበር ወንበሩን ያዘ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን በትሕትና ክንዳቸውን እየያዘ አስነሳቸው። ተነሡ፤ ካባቸውን አራገፉ፤ ተሰልፈው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ዝገቱ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ውሃው እንደ ብርሌ ጠራ።

ወይዘሮ ይመናሹ ያን ጊዜ ደነገጡ። ሮጠው ቧንቧውን በነጠላቸው ወተፉ።

"እባካችሁ፣ እኔ አለሁላችሁ። አጥንቴ ቢያረጅም ሰፊ ነው።"

"እናመሰግናለን፣ እናታችን" አለ ከኋላ የነበረው። "እኛ ግን የተጠራነው ለሰርጉ ነው።" በነጠላው ክር መሐል ጎንበስ ብሎ አለፈ።

ጠላው ተጠመቀ፤ እንዲያ ያለ ጠላ አልታየም ተባለ። በሰርጉ ዕለት ወይዘሮ ይመናሹ ልጃቸውን ዳሱ ጥግ ላይ ያዟት።

"ስንዱዬ፣ ከጠላው እንዳትቀምሺ።"

"ውይ እማዬ! አማቴ በእጇ ስታጠጣኝ እምቢ ልበል? ሰው እያየኝ?"

"ስንት ጠጣሽ?"

"እሷ እስክትጠግብ።"

የመሰናበቻው ሰዓት ደረሰና ስንዱ የእናቷን ጉልበት ልትስም ተንበረከከች። ዘፈኑ ጋብ አለ። ከልጅቷ ጉልበት ውስጥ፣ ሩቅ መንገድ የመጡ ሰዎች አንድ በአንድ ጫማቸውን ሲያወልቁ ተሰማ።