ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ

«የቤታችንን ገመና ለማን ልናሳይ ነው?» አለ አባ መዝገብ፣ ጠረጴዛውን በእርሳሱ እየመታ። «ስምንት ዓመት ያለዚህ ነገር ኖረናል። የትኛው ኮድ የት እንዳለ፣ ለምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ ካለ፣ ይኸው እዚህ ቁጭ ብያለሁ።»

«አንተማ አለህ፣ ጋሼ» አለች ንቢቱ። «ባለፈው ሳምንት ሲያተኩስህ ግን ሦስት ቀን እጃችንን አጣጥፈን ነው የጠበቅንህ።»

ኃላፊው ሳቀ። አባ መዝገብ አልሳቀም።

ክርክሩ ከተጀመረ አንድ ሰዓት አልፎታል። አምስቱ ባልደረቦች የሚሠሩት የሆስፒታሎችን የቀጠሮ ፕሮግራም ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ኮዱ በተቀመጠበት ማከማቻ ላይ መመልከቻ ይጨመር ወይስ ይቅር የሚል ነበር። ከተጨመረ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ የፈለገውን መስመር ይከፍታል፤ ከጎኑም የጻፈውን ሰው ስም ያነባል።

አባ መዝገብ የፈራው ያንን ስም ነው። ንቢቱ ስትመጣ ጀማሪ ነበረች፤ ሥራውን «ሀ» ብሎ ያስቆጠራት እሱ ነው። ዛሬ ኃላፊው ሲጨንቀው የሚጠራው እሷን ነው፤ አዲስ ገቢዎቹም ወንበራቸውን የሚያስጠጉት ወደ እሷ። ሁለት በሽተኞች በአንድ ሰዓት እንዳይቀጠሩ የሚከላከለውን፣ ሆስፒታሎቹ አመስግነው ያልጠገቡትን ክፍል የጻፈችው እሷ ናት። ይህን በእርግጥ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰው ሲያመሰግነው «ሠራነው እኮ» ይላል፤ እሷ ፈገግ ትላለች እንጂ አታርመውም። አንጀቱን የሚያሳርረው ያ ፈገግታዋ ነበር። ብትከራከረው ይሻለው ነበር።

«ሳይቀምሱ መራራ ነው አይባልም» አለ ኃላፊው። «ንቢቱ፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ጫኚውና የቀጠሮውን ክፍል አሳዪን።»

ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ኮዱ ግድግዳው ላይ ሲበራ አባ መዝገብ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስሟ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ሳያየው ታየው።

«አንተ ሰውዬ!» አለ ኃላፊው።

ዞረ። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የተጻፈው የራሱ ስም ነበር።

መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ትዝ አለው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት፣ ኃላፊውም አዲሶቹም ሳይመጡ፣ ለሥራው የሚበቃ ኮምፒውተር አንድ ብቻ ነበራቸው። መግቢያው የተከፈተው በእሱ ስም ነው፤ ያኔ የነበሩት ሁሉ በየተራ እየተቀመጡ ጻፉበት። ንቢቱም ተራዋ ሲደርስ፣ እሱ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ሲለቅላት። ኮምፒውተሩ ያን ሁሉ በሚያውቀው ስም እየፈረመ አስቀመጠው።

«ይህን ሁሉ ሠርተህ ነው እንዳይታይ የምትሟገተው?» አለ ኃላፊው። «ትሕትናህስ አይጣል ነው!»

«እኔ የንቢቱ ይመስለኝ ነበር» አለ ከአዲሶቹ አንዱ።

ንቢቱ ግድግዳውን አይታ ጨረሰችና ወደ እሱ ዞረች። በፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ትጠብቀው ነበር።

«ጋሼ?» አለች።

«ያኔ...» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያኔ ኮምፒውተሩ አንድ ነበር።»

«በአንድ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ!» ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አዲሶቹ አጨበጨቡ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀረው። ምላሱ ላይ ደርሷል፤ ጣዕሙን ሁሉ ያውቀዋል። ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ፤ በረደም።

«ይጨመር» አለ። «እናንተ ናችሁ ልክ። መመልከቻው ይጨመር።»

ከንቢቱ በቀር ሁሉም ወንበራቸውን እየጎተቱ ከበቡት። በእነዚያ ስምንት ዓመታት እንዲህ ተከቦ አያውቅም። አንዱ መሐል ላይ ያለች አጭር መስመር በጣቱ እያመለከተ፣ «ይቺስ ለምን አስፈለገች?» ብሎ ጠየቀው።

ንቢቱ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በወንበሮቹ ጀርባ በኩል አልፋ ወጣች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። አባ መዝገብ መነጽሩን አስተካከለና መስመሯን እንደገና ከመጀመሪያዋ ፊደል ያነብ ጀመር።