የኤሊን እናት ማን ናት?

...እምቢ አለ፣ አልወጣም፣ ከማለዳ ጀምሬ የመናጫውን ዱላ ላይ ታች፣ ላይ ታች፣ ክንዴ የኔ አይመስለኝም፣ ስልባቦቱ አረፋ ብቻ፣ ቅቤ የለም፣ እሜቴ ኦድሪ ደግሞ የመናጫውን በርሜል ትታ እኔን እኔን ታያለች። ጎረቤቷ እማማ ፔትሮኔል ምድጃው ዳር። የፈረስ ጫማ ብረት ፍም ውስጥ ከታለች፣ ሲግል መናጫው ውስጥ ይጨመራል፣ ቅቤውን ያሰረችው ጠንቋይ የትም ትሁን የት ያኔውኑ ትቃጠላለች፣ ቆዳዋ ይመሰክራል፣ አምናለሁ፣ እኔም አምናለሁ እኮ፣ ጉዱ እሱ ነው።

አንቺ ቶማሲን፣ እናትሽ የማን ልጅ ናት? ትለኛለች እማማ ፍሙ ላይ አጎንብሳ፣ እንደ ቀልድ። ይኸው መጣ። የኤሊን ልጅ ነኝ፣ እማማ። እሱንማ አወቅን፣ የኤሊን እናትስ? ዘር ከልጓም ይስባል፣ ጥንቆላ በእናት ነው የሚወርደው። እናቴ ልትሞት ስትል፣ ዘር ቁጠሪ ካሉሽ እኔ ላይ አቁሚ፣ ከኔ በላይ ገመድ ነው ብላኛለች። አያቴ አቬሪል። ሰቀሏት። በሰው ጥጃ፣ አይታው ሞተ ተብሎ። እናቴ እኔን ታቅፋ ወንዝ ተሻገረች።

ሲስሊ፣ እላለሁ። ከየት አመጣሁት ይሄን ስም? የየት አገር ሲስሊ? ትላለች እማማ። ከ... ከረግረጉ አገር። ባሏ ማን፣ ምን ትሠራ ነበር? ዓሣ ትሸጥ ነበር እላለሁ፣ እሜቴ ትስቃለች፣ ሁለት ቤት መቁጠር አቃታት እኮ፣ ጥንቸል ናት እንዴ ይቺ፣ አያቷን የማታውቅ! ትስቅና ሄዳ በሩን ትዘጋለች።

ጠንቋይ አይደለሁም። አይደለሁም? ትናንት ላሚቱ ስትረግጠኝ እርግማን አምልጦኛል፣ ማን የማያመልጠው አለ፣ አቬሪልም አምልጧት ይሆናል፣ ሳያውቁት ደም ውስጥ ይቀመጥ ይሆን፣ እንደ ጠጉር ቀለም፣ ይሄን ቀይ ጠጉር ከማን አመጣሁት፣ የእናቴ ጥቁር ነበር...

ብረቱ ቀላ። እማማ በጉጠት ይዛው ትነሳለች፣ ክፈቺ፣ ክዳኑን አነሳለሁ፣ እጄን ወደ ኋላ፣ አይ፣ ወደ ፊት፣ ይዩት፣ ምንም የለበትም፣ አባታችን ሆይ በሰማይ የምትኖር፣ ከዚያስ፣ ከዚያስ ምንድነው፣ ፊደል ሳልጨርስ ላም ስር ሲያስቀምጡኝ ይቺን ጸሎት ብቻ ነበር በቃሌ የያዝኩት፣ አሁን ይጠፋል? ብረቱ ገባ፣ ቿ

ማነው የጮኸው?

ሁለቱም ዞረው ያዩኛል። አፌ ክፍት ነው።