የቤት ስም

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀው ልብስ በካውያ የሚተኩስልን ሰው ነው። ልብስ ስፌት ቤታችን ውስጥ ፈጣኑ ነው የምንለው፤ አንድ ሸሚዝ ተኩሶ እስኪጨርስ እናቴ ሌላ ሸሚዝ ሰፍታ ስለምትጨርስ። ያን ዕለት ገና ከበሩ ሳይገባ ስልኩን አወጣና እናቴን፣

«እትዬ፣ ደሞዜን ሳትከፍይኝ ደግሞ ብድር ትጠይቂኛለሽ?» አላት።

«ምን ትላለህ አንተ?»

«ይኸው በጽሑፍ! 'ቸግሮኛል፣ አሁኑኑ ላክልኝ፣ ለማንም አትንገር' ብለሻል። እኔ ደግሞ ምን አለኝ ብላ ነው ብዬ ስስቅ ነው ያደርኩት።»

እናቴ አልሳቀችም። የተማሪ ቀሚስ ትዘመዝም ነበር፤ መኪናውን አቆመችና እጇን ጨርቁ ላይ እንዳለ ተወችው። ፈጣኑ ፊቷን አይቶ ከሰሉን ላቀጣጥል ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ፤ ቀና ሳትል።

ወንድሜ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሲሄድ ጢሙ ገና ማቀምቀም መጀመሩ ነበር። ከመንገድ አንድ ጊዜ ደውሎ «ደህና ነኝ፣ ስደርስ እደውላለሁ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁም ወሬውም የለም። ፎቶውን የጠፉ ሰዎች የሚፈለጉበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ አውጥተን ከሥሩ የእናቴን ቁጥር ጽፈን ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በዚያ ቁጥር ጻፈላት። ልጅሽ ታሞ መጠለያ ውስጥ ተኝቷል፣ እናቱ መሆንሽን ካረጋገጥን እናገናኝሻለን አላት።

«እኔ እኮ ዝም ብዬ አላመንኳቸውም» አለችኝ። «ፈትኛቸዋለሁ። የቤት ስሙን ጠይቁልኝ አልኳቸው።»

«እሺ፣ ምን አሉሽ?»

«'ስንት እናት የኔ ነው ትለናለች፤ አንቺ ንገሪንና በጆሮው እንበልለት፣ ካለቀሰ ያንቺ ነው' አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ነገርኳቸው።»

የወንድሜ የቤት ስም ቅዳጅ ነው። ሕፃን ሳለ፣ እናቴ ስትሰፋ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር በሚጠራቀመው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ይተኛ ነበር። ቅዳጄ ማለት የጀመረችው ያኔ ነው። ካደገ በኋላ ሰው ፊት ከጠራችው ቀኑን ሙሉ ስለሚያኮርፍ ስሙ ከሦስታችን አልወጣም።

«በማግስቱ ራሱ ጻፈልኝ። 'እማዬ፣ ቅዳጅሽ ነኝ፣ ያሉሽን አድርጊላቸው' ብሎ። ከዚያማ መታወቂያዬን አሉኝ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የተወለድሽበትን ቀን አሉኝ፣ ነገርኩ። አሁን በመልእክት የሚገባልሽን ቁጥር አንብቢልን አሉኝ፣ አነበብኩ።» ከዚያ፣ «ምን ያልሰጠኋቸው አለ?» አለች።

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። እጇ አሁንም ጨርቁ ላይ እንዳለ ሳይ አልቻልኩም።

የሚሠራው ሥራ የታወቀ ነው፤ ያን ዕለት ሠራሁት። የእሷን ስም ይዘው በሌላ ስልክ የገቡትን ሁሉ አስወጣሁ፣ የይለፍ ቃሎቿን ቀየርኩ፣ በላዩ ሁለተኛ መቆለፊያ ጨመርኩ። ለዘመድ ለደንበኛው «በእናቴ ስም ገንዘብ የሚጠይቅ ሌባ ነው» እያልኩ ደወልኩ። መታወቂያዋ ሌባ እጅ መግባቱን ለፖሊስ አስመዘገብን። ከዚያ ባንክ ሄድን። የባንኳ ልጅ ሒሳቡን ለጊዜው አገደች፣ አዲስ ካርድ አዘዘችልንና፣

«ስልክ ቁጥሩንም ቢቀይሩት ነው የሚሻለው እናቴ» አለቻት።

«እሱ አይቀየርም።»

«ሰዎቹ እኮ ይዘውታል።»

«ይያዙት። ልጄ የሚያውቀው ይሄንን ቁጥር ብቻ ነው።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ከብዙ ንግግር በኋላ አሮጌው ቁጥር ከሒሳቡም ከኢንተርኔቱም እንዲወጣ፣ መደወያ ብቻ ባላት ባለ ቁልፍ ስልክ እንዲቀመጥ ተስማማን። ለሌላው ሁሉ አዲስ ቁጥር ወጣ። ልጅቷ ስታሰናብተን፣ «ልጅዎ ነኝ ብሎ የሚደውል ካለ፣ እነሱ የማያውቁትን ነገር ይጠይቁት» አለቻት።

መንገድ ላይ እናቴ በድንገት ቆመች። ሰዉ በግራ በቀኛችን ያልፋል።

«ካርዱን ቀየርን። ቁልፉን ቀየርሽልኝ። ስሙን በምን ልቀይረው? አንድ ቀን ሲደውል በእሱ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር ያስቀመጥኩት።»

«ሌላ ነገር አይጠፋም እማዬ። አንቺና እሱ ብቻ የምታውቁት።»

አሰበች። «ሊሄድ ሲል ሱሪው ውስጥ የምስጢር ኪስ ሰፍቼለት ነበር» አለች። «የት እንደሆነ እኔና እሱ ነን የምናውቀው።» የት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ባለ ቁልፉ ስልክ የጮኸው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ቤቱ በዩኒፎርም በተሞላበት ከሰዓት ነው። ፈጣኑ ካውያውን ይዞ ቆመ። እናቴ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«እማዬ?» መስመሩ ይንኮሻኮሻል። «እማዬ፣ ቅዳጅ ነኝ።»

ጠረጴዛውን ያዘች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ድምጿ የመጣው ዘግይቶ ነው።

«የምስጢር ኪስህን የት ነው የሰፋሁልህ?»

ዝም አለ።

«ሱሪህ ውስጥ። የት ነው?»

«እማዬ፣ አሞኛል።»

«አውቃለሁ ልጄ። ንገረኝና ልምጣልህ። ቀኙ ነው፣ ግራው?»

«አላስታውስም። እማዬ፣ እንዳትዘጊው።»

እኔን አየችኝ። ዝጊውም አትዝጊውም አላልኩም። እናቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና ቀስ ብላ፣ «በልተህ ተኛ እሺ፣ ራስህን ጠብቅ» አለች፤ ከዚያ ዘጋችው። የደወለው ቁጥር አልታየም።

ፈጣኑ፣ «ሌባ ነው እትዬ። ደግ አደረግሽ» አለ።

«ድምፁ የእሱ ነበር?» አልኳት።

«እንጃ። ሲሄድ ድምፁ ገና መጎርነን መጀመሩ ነበር» አለች። «ምን ያህል እንደጎረነነ የማላውቅ እናት ነኝ።»

በሩ ላይ አንዲት ደንበኛ ልጇን ይዛ ቆማ ነበር። እናቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የልጅቱን ትከሻ ለካች፣ ወገቧን ለካች፤ የለካችውን ረስታ እንደገና ለካች። «እጅሽን ወደ ላይ፣ የኔ ቆንጆ» ስትላት ድምጿ እንደ ሁልጊዜው ነው። ልጅቱ ተለክታ ስትወጣ ግን ወደ እኔ ሳትዞር፣

«ሌባ ከሆነ ይተወዋል» አለች። «እሱ ከሆነ ግን፣ እናቴ ዘጋችብኝ ብሎ...»

አልጨረሰችውም። ስልኩን አንስቼ ቻርጅ ላይ ሰካሁት። ባትሪው ሙሉ ነበር።